ከውስጥ የማይከፈት በር

ባለቁልፉን የማያውቅ ምዕመን የለም። ስሙን ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ እነሱም ረስተውታል። ሥራው ቁልፍ መቅረጽ ነው፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ሁለት ደንበኛ ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ሱቅ አለችው። የጸሎት አዳራሹን ቁልፍ የሚይዘውም እሱ ነው። ወጣቶቹ ሲቀልዱ፣ «የሰማዩን ቁልፍ ጴጥሮስ ይያዘው እንጂ የአዳራሹን ከባለቁልፉ የሚቀማ መልአክ አልተፈጠረም» ይላሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ቀልዱ ደስ ይለዋል፤ ደስ የሚለው እውነት ስለሆነ ነው።

ከሱ በቀር የአዳራሹን ቁልፍ የያዘ ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ደጋግመው፣ «ለክፉም ለደጉም አንድ ትርፍ ቅረጽልን» ብለውት ነበር። ለዓለሙ ሁሉ ትርፍ ቁልፍ ሲቀርጽ የሚውለው ሰው ለዚህኛው ሲሆን ጊዜ አጣ። «እኔ እያለሁ ምን ያደርግላችኋል?» ይላቸዋል። እውነትም አለ። ጠዋት የእናቶች ጸሎት ቢኖር አለ፣ ማታ የመዘምራን ልምምድ ቢኖር አለ፣ ሠርግም ለቅሶም ቢሆን አለ። የሌለው ቤቱ ብቻ ነው። ሚስቱ ገበታ አቅርባ ገና እጁን ሊታጠብ ሲል ስልኩ ይጮኻል፤ እሱም «አስቀድሞ መንግሥቱን» ይልና ጃኬቱን ያነሣል። ሴትዮዋ በፊት በፊት «አሜን» ትለው ነበር። ኋላ ዝም ማለት ጀመረች። አሁን አሁን ደግሞ ዕቃ ስታጥብ ለራሷ የምታወራ መስላ፣ «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ማለት አምጥታለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

የዕቃ ቤቷ ነገር የመጣው በማይክራፎን ምክንያት ነው። ከመድረኩ ጀርባ ካለችው ዕቃ ቤት ማይክራፎን ተሰረቀና ባለቁልፉ ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠረው። የሙያውን ሁሉ አፍስሶ አዲስ የብረት በር ከነመቆለፊያው ሠራላት። በሩ ሲገፋ ራሱ ይቆለፋል፤ የሚከፈተው በውጭ በኩል፣ በቁልፍ ብቻ ነው። በውስጥ በኩል እጀታ የለው፣ የቁልፍ ቀዳዳ የለው፣ ልሙጥ ብረት ነው። ያን እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «ከእንግዲህ ሌባ ቢገባ እንኳ አይወጣም» ሲል ጉባኤው አጨበጨበ። ሌባ ያልሆነ ሰው ገብቶ ቢዘጋበትስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በጭብጨባ መካከል ማን ይጠይቃል።

ይህ የሚነገረው ነገር የሆነው ቅዳሜ ቀን ነው። የባለቁልፉ አንድ ልጅ፣ ማቀዝቀዣ መጠገን የተማረው፣ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝቶ የሚሄድበት ቀን ነበር። አውቶቡሱ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው። የታሰበው ቀላል ነው፦ ሦስቱም አብረው ምሳ ይበላሉ፣ አባት ልጁን ይመርቃል፣ ከዚያ መናኸሪያ ድረስ ይሸኘዋል። ቀላል ይምሰል እንጂ ቀላል አልነበረም። አባትና ልጅ ከተነጋገሩ ቆይተዋል። አልተጣሉም፤ ቢጣሉማ አስታራቂ ይገባ ነበር። «ደህና አደርክ»ና «በሩን ዝጋው» ካልሆነ በመካከላቸው ቃል አልቆ ነው። ልጁ እሑድ እሑድ አዳራሽ መምጣቱን ከተወ ወዲህ ደግሞ አባት በየት በኩል እንደሚቀርበው ጭራሽ ጠፍቶበታል። ያለ ምርቃት ከሄደ በእግሩ ብቻ ሳይሆን በልቡም እንደሚሄድ እናት ታውቃለች፤ አባትም አላጣውም። ጠዋት ሲወጣ በር ላይ ያዘችው።

«ዛሬን እንኳ» አለችው።

«ለእናቶች ከፍቼ፣ ሲጨርሱ ዘግቼ መምጣት ነው። ምሳ ሳይቀርብ እዚህ ነኝ።»

«ማልልኝ።»

«ክርስቲያን አይምልም» አለና ሄደ።

እናቶቹ ጸልየው፣ ተሳስመው፣ ደጁ ላይ ደግሞ አንድ ዙር አውርተው ሄዱ። ባለቁልፉ መስኮቶቹን ዘጋ። ወንበሮቹን አስተካከለ። ስልኩን መድረኩ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ዕቃ ቤቷን ሊቆልፍ ሲል ወለሉ ላይ የተከመሩትን የኤሌክትሪክ ገመዶች አየ። ተጠላልፈው ራስና እግራቸው አይለይም። ፍታቸው ያለው ሰው የለም፤ ለነገው አምልኮም አያስፈልጉም፤ ከተጠላለፉ ዘመን ቆጥረዋል። እሱ ግን የቁልፉን ጥቅል በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ትቶ ገባና ቁጢጥ ብሎ መፍታት ጀመረ። አንዱ ሲላቀቅ ሌላው ይጠመጠማል። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ታወቀው። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ እሱም ታወቀው። «ይቺን ብቻ» ይላል፤ ደግሞ ሌላዋን ያነሣል።

በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።

ጀርባውን ሰጥቶ ነበርና አላየም። የቁልፎቹ መንሿሿት ለአፍታ ተሰማና ጸጥ አለ። «ማነው?» ቢል መልስ የለም። ነፋስ ነው አለ። ዕቃ ቤቷ መብራት የላትም፤ ብርሃን የምታገኘው ከአዳራሹ ነው። አሁን የቀራት ከጣሪያው ሥር ያለች፣ እጅ የማታስገባ የአየር ቀዳዳ ናት። ባለቁልፉ በዳበሳ ወደ በሩ ሄደና መዳፉን ብረቱ ላይ አሳረፈ። ከላይ እስከ ታች አሰሰው። የራሱ ሥራ ነው፤ እንከን አይወጣለትም።

መጀመሪያ ሳቀ። የሰፈሩን በር ሁሉ በሽቦ ቁራጭ የሚከፍት ሰው! ቆልፎ የጠፋበት፣ ሰክሮ የጣለ፣ ተጣልቶ የተዘጋበት ሁሉ «ጥሩልኝ» የሚለው እሱን ነው። ኪሱን ፈተሸ፤ መሐረብና አንዲት ከረሜላ አገኘ። መፍቻዎቹ ሱቅ ናቸው። ቢኖሩስ ምን ላይ ያሳርፋቸዋል? የሚነካ ነገር በሩ ላይ እንዳይኖር አድርጎ የሠራው ማን ሆነና። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ነገር በሱ ደረሰ፤ ማይክራፎኖቹን አዳንኩ ሲል ራሱን አሳሰረ።

ስልኩ ጠራ። መድረኩ ላይ ነው፤ ከበሩ ወዲያ ጥቂት እርምጃ። ሚስቱ እንደሆነች ያውቃል፤ በዚህ ሰዓት ሌላ ማን ይደውላል። «መጣሁ!» ብሎ ጮኸ። ለማን እንደጮኸ እሱም አያውቅ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተወው። ደግሞ ጠራ። እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ይመስለዋል፤ መዳፉ ግን ብረቱ ላይ ነው። ሁለተኛው ጥሪ ሲያልቅ ላብ አጠመቀው። ከዚያ በኋላ አልደወለችም። መደወሏ ሲያስጨንቀው ቆይቶ መተዋ ባሰበት።

ቀጥሎ ክስ ጀመረ። ነፋሱን ከሰሰ። የፊቱን በር ሳይዘጉ የወጡትን እናቶች ከሰሰ። ነገሩ ከሰው በላይ መሆኑ የታየው ያኔ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ «አንተ ሰይጣን፣ ይህን ቀን ልትቀማኝ ነው! ልጄን ሳልመርቅ ልታስቀረኝ ነው! እገሥጽሃለሁ!» አለ። ገሠጸው፣ አዋረደው፣ ወደ መጣበት መለሰው። በሩ ንቅንቅ አላለም። በዚያች ጠባብ ክፍል ያልተከሰሰ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

መዘምራኑ ሲመጡ ነፍሱ መለስ አለች። ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ አላቸው። የፊት ለፊቱን በር ሲያንኳኩ፣ ሲጣሩ፣ በሩቁ ሰማቸው። መሪያቸው ደወለ፤ ስልኩ መድረኩ ላይ ጮኸ። «ስልኩን ረስቶ ሄዷል» አለ አንዱ። ባለቁልፉ በሙሉ ድምፁ ተጣራ፤ ግን ግድግዳው ሥር የተጠቀለሉት አሮጌ ምንጣፎችና መጋረጃዎች ድምፁን እንዳለ ዋጡት። በሩን በጡጫ ይደበድበው ገባ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም።

«ጎረቤት ያለው ብረት ሠሪ ነው» አለች አንዷ ዘማሪ።

«አመታቱ ጥሩ ነው» አለ መሪው። «ከበሮው የተቆለፈበት ሰው የተገኘውን ይጠቀማል። በሉ እዚሁ ግቢ ውስጥ እንጀምር።»

ጀመሩ። ባለቁልፉ ሲመታ እነሱ ይዘምራሉ፤ በብስጭት ሲያፈጥን እነሱም ያፈጥናሉ፤ ደክሞት ሲያቆም «እፎይ፣ እንረፍ» ይላሉ። እንደዚያ ቀን አምሮላቸው አያውቅም። ሰውዬው ይሳቅ ያልቅስ አልለይ አለው። ሕዝቡ የሚያመሰግነው በእሱ ምት ነው፤ እሱን ግን የሚሰማው የለም። በመጨረሻ እጁ አበጠና ተወው። እነሱም ዝማሬያቸውን ጨርሰው ተበተኑ።

ከአየር ቀዳዳዋ የምትገባው ብርሃን ግድግዳውን እያቋረጠች ሄዳ ምንጣፎቹ ላይ ደረሰች። ባለቁልፉ አውቶቡሱ መነሣቱን በዚያች አወቀ። ገመዶቹ ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። አሁን ልጁ በመስኮት በኩል ከተማውን እያየ ነው፤ አባቱ እንዳልመጣ እያሰበ፣ ወይም ማሰቡንም ትቶ። ሰውዬው አለቀሰ።

ልጸልይ አለ። ጸሎቱ ግን አልመጣ አለው። «ጌታ ሆይ» ብሎ ይጀምርና ይቆማል። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ አዳራሽ ሰው ሲጸልይ እሱ በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የትኛው መብራት ተቃጠለ፣ የትኛው ወንበር ተወላገደ ሲል። መንግሥቱን ፈልግ ቢባል በሩን ሲጠብቅ ኖረ፤ ሌላውን አስገብቶ አስገብቶ ራሱ ውጭ ቀረ። ይህን ሲያስብ ደነገጠ። ሌላ ሐሳብ ደግሞ ተከትላ መጣች፤ ይቺኛዋ ባትመጣ ይመርጥ ነበር። ገመዱን ምን አስነሣው? ማን ፍታ አለው? በሩ እስኪዘጋበት ድረስ ክፍት ነበር፤ ቤቱም ቅርብ ነበር። አልሄደም እንጂ። በሩ ሳይዘጋ በፊትም እዚህ ነበር።

የፊት ለፊቱ በር በቁልፍ ሲከፈት ሰማ። እርምጃ መጣ፤ በመድረኩ በኩል ዞሮ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አባዬ።»

ባለቁልፉ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ልጄ? አልሄድክም እንዴ?»

«አውቶቡሱ ሄዷል።»

«ተመስገን… ማለቴ… ክፈትልኝ የኔ ልጅ። ቁልፉ በሩ ላይ ነው።»

«በሩ ላይ የለም። እኔ ጋ ነው።»

«ነፋስ ዘግቶብኝ እኮ ነው። ምሳ ልመጣ ስል…»

«ነፋስ አልነበረም» አለ ልጁ።

ልጁ ከበሩ ወዲያ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ፣ ጀርባው ብረቱን ሲነካ ተሰማ።

«እማዬ ጥራው ብላ ላከችኝ። መጣሁ። ጀርባህን ሰጥተህ ገመድ ትፈታለህ። ልጠራህ አልኩና ቆምኩ፤ ዞር ብትል ብዬ። አልዞርክም። ‹ይቺን ብቻ› ስትል ሰማሁህ፤ ለገመዱ ነበር የምትነግረው። በሩን ገፋሁት። ቁልፉን ነቀልኩ፣ አዳራሹንም ቆልፌ ሄድኩ። እማዬን ሥራ ይዞታል አልኳት። ደወለችልህ፣ አላነሣህም። ምንም አላለችም፤ ለምዳዋለች። ሁለታችን በላን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። ሻንጣዬ ተጭኖ ነበር። ሊነሣ ሲል ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ነካሁት። ሌላ ቁልፍ የለም፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ከሄድኩ ማን ይከፍትልሃል? ወረድኩ። ሻንጣዬን ሲያወርዱልኝ ሾፌሩ የተሳደበኝን ስድብ ላንተ አልነግርህም።»

ባለቁልፉ ግንባሩን ብረቱ ላይ አሳረፈ። መቆጣት ነበረበት፤ ቁጣውን ፈልጎ አጣው። «እኔ እኮ ሰይጣንን ስገሥጽ ነው የዋልኩት» አለ።

ልጁ ሳይፈልግ ሳቀ። ሳቁ ብዙ አልቆየም።

«ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። ከከፈትኩት ስልክህ ይጠራል፣ ትሄዳለህ። አሁን የትም መሄድ ስለማትችል ነው።»

«ንገረኝ።»

«ልጅ ሆኜ ‹አስቀድሞ መንግሥቱን› ብለህ ስትወጣ፣ መንግሥቱ አንድ ቦታ ያለ፣ እኔ የማልገባበት ቤት ይመስለኝ ነበር። እኔና እማዬ ሁለተኛ፣ ወይም ሦስተኛ ነን አልኩ። ካደግሁ በኋላ እዚህ መምጣቱን ተውኩ። እግዚአብሔርን ጠልቼ አይደለም አባዬ። ቀንቼበት ነው። አባቴን የወሰደብኝ እሱ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ከሱ ጋር ምን ልከራከር? ዛሬ መጥቼ ሳይህ ግን እግዚአብሔር አልነበረም። ገመድ ነው።»

ባለቁልፉ በሕይወቱ ብዙ ስብከት ሰምቷል፤ ያውም ቆሞ። እንዲህ አጥንቱ ድረስ የገባ ግን አልነበረም። ይመልስለት ዘንድ አፉን ከፈተ፤ የለመደው ጥቅስ ሁሉ ምላሱ ላይ ተሰልፎ መጣ። አንዱንም አላወጣም።

«ምሳውን ፈርቼ ነው» አለ።

«ምሳውን?»

«አንተን። ፊት ለፊት ተቀምጠህ ምን እንደምልህ አላውቅም። እዚህ ሁሉም ይፈልገኛል፤ በሩን መክፈት ነው፣ መዝጋት ነው፣ እሱን እችልበታለሁ። ቤት ስገባ የምከፍተው ነገር የለኝም። እናንተ ዝም ትላላችሁ፣ እኔም ዝም እላለሁ። ስልኩ ሲጠራ… ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ስልኩ ሲጠራ ደስ ይለኛል። መንግሥቱን የምጠራው ለዚያ ነው። እናንተን ትቼ ለመሄዴ ስም ሳወጣለት ኖርኩ።»

ከወዲያ በኩል ልጁ ተነሣ፤ ቁልፎቹ ተንሿሹ፤ የብረቱ ጥርስ ከቀዳዳው ሲገናኝ ባለቁልፉ ለየው።

«በቃ፣ ልክፈተው» አለ ልጁ።

«ቆይ። አትክፈተው።»

«ምን?»

«የሚቀጥለው አውቶቡስ መቼ ነው?»

«ነገ ጠዋት።»

ነገ እሑድ ነው። ሁለቱም ያውቁታል፤ ሁለቱም አላሉትም። እሑድ ጠዋት ባለቁልፉ ከፀሐይ ቀድሞ እዚህ ነው፤ ታሞ እንኳ ቀርቶ አያውቅም። ልጁ ዝምታውን እንደ መልስ ወሰደው መሰል፣ «ግዴለም፣ እኔ ብቻዬን…» ማለት ጀመረ።

«መዘምራኑ ሁሉም ሄደዋል?»

«መሪያቸው በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ‹ጋሼ ይመጣሉ› ብሎ። ስገባ ተከትሎኝ ሊገባ ነበር፤ ጠብቀኝ አልኩት።»

«የአዳራሹን ቁልፍ ከጥቅሉ አውጥተህ ስጠው። ነገ እሱ ይክፈት። ከነገ ወዲያም። ትርፍ ይቅረጹለት፣ ለሽማግሌዎቹም ይስጡ፤ እኔ አልቀርጽም ካልኩ ሌላ ቀራጭ ሞልቷል።»

«ውጣና ራስህ ስጠዋ።»

«አይሆንም። ከወጣሁ አልሰጠውም። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ‹የዛሬን ብቻ› እላለሁ። አሁን ስጠው፣ እኔ እዚህ እንዳለሁ። ነገ እኔ መናኸሪያ ነኝ።»

«ምርቃቱስ?» አለ ልጁ፤ እንደ ሕፃን ነበር ያለው።

«በተዘጋ በር በኩል አልመርቅህም። ቤት፣ እናትህ ባለችበት። ምሳው ቀዝቅዞ እንደሁ እንበላዋለን።»

የቁልፉ ጥቅል ቀለበት ጠባብ ነው፤ ከተገዛ ጀምሮ የአዳራሹ ቁልፍ ከሱ ወጥቶ አያውቅም። ልጁ በጥፍሩ ሲታገለው፣ ሲያመልጠው፣ እንደገና ሲይዘው ባለቁልፉ ከወዲህ ይሰማል። እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል፤ እሱ ቢሆን በአንድ እጅ ያወጣው ነበር። ምላሱን ነከሰ። መቼም የዚያን ጊዜ ጭንቁ ከቀኑ ሁሉ የባሰ ነበር፤ ሁለት ጊዜ «ተወው» ሊል አፉን ከፍቶ ሁለት ጊዜ ዘጋው። አንዲት ቁልፍ ለብቻዋ ቅጭል አለች።

የልጁ እርምጃ በመድረኩ በኩል ዞሮ ወደ በረንዳው ሄደ። ባለቁልፉ በጨለማው ውስጥ ገመዶቹ ላይ ተቀመጠና፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እስኪመለስ ጠበቀው።